የጓሮው ቁልፍ በማን እጅ ነው?



ወላጆች በየአጋጣሚው ከሚያነሱልን ጥያቄዎች መካከል ደጋግሞ የሚመጣው «ልጆቻችን ከትምህርት ቤትና ከመድረሳ መልስ የት ይዋሉ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ በየመንገዱ ጥግ ቆመው የምናያቸው ወጣቶች የሌላ ሰው ልጆች አይደሉም፤ የእኛው ናቸው። አንዱ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሌላው ወደ ጫት ቤቱ ያማትራል። ሦስተኛው ጅቡቲን አቋርጦ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ድንበር ስለሚወስደው መንገድ ይጠይቃል። በዚያ መንገድ ስንቱ ልጃችን በባሕርና በበረሓ እንደቀረ የምንረሳው አይደለም። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰጣቸው «እዚያ አትቁሙ!» የሚል ክልከላ ብቻ ነው። ታዲያ የት ይቁሙ? ለዚህ ያዘጋጀንላቸው መልስ የለም።

ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት በአንድ ትንሽ ጓሮ ውስጥ ያየሁትንና የተማርኩትን ነው። ጓሮው በምኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር፣ ከመስጂዳችን ጀርባ የሚገኝ ነው። ወርዱ አሥር፣ ርዝመቱ ሃያ እርምጃ ያህል ቢሆን ነው። ለብዙ ዓመታት የተሰበረ ጡብና ቆሻሻ ይጣልበት ነበር። በአንድ ጥጉ አሮጌ የቆርቆሮ መጋዘን አለ። በሩ ሁልጊዜ ተቆልፎ ይኖር ነበር፤ ቁልፉም በእኛ በኮሚቴዎቹ እጅ ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተታችን

በአንድ ክረምት መግቢያ ላይ «ለወጣቱ አንድ ነገር እንሥራ» ተባባልን። ችግኝ ገዛን፤ ምን የት እንደሚተከል ወሰንን። ከዚያም ወጣቶቹን በአንድ ቅዳሜ ጠርተን «እዚህ ቆፍሩ፣ እዚያ ትከሉ» አልናቸው። ልጆቹም ታዘዙ። ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ዱዓ ተደረገ፤ በሩ ተቆለፈ፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ወደየቤታችን ገባን።

ሐምሌና ነሐሴን ዝናቡ አጠጣልን። ጥቅምት ሲገባ ግን ዝናቡ ቆመ፤ የሚያጠጣም ሰው አልነበረም። ኅዳር ላይ በሩን ስንከፍት ከሎሚዋ በስተቀር ሁሉም ደርቆ አገኘነው። በዚያን ጊዜ ከኮሚቴው መካከል «የዛሬ ልጅ ኀላፊነት አያውቅም» ብዬ በቁጣ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ።

ይህን ስናገር ዕድሜው አሥራ ሰባት የሚሆን የጎረቤቴ ልጅ ሰማኝ። በትሕትና ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እንዴት እናጠጣ? በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ እናንተ ዘንድ ነው» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ልጁ ያለው እውነት ነበር። ጉልበቱን የፈለግነው ከእነርሱ ነበር፤ ምክሩንም ቁልፉንም ለራሳችን አስቀርተን።

«ቁልፉን ስጡን»

ከሳምንት በኋላ ወጣቶቹ ተሰብስበው መጡ። ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ቁልፉን ስጡን የሚል። በኮሚቴው ውስጥ ክርክር ተነሣ። አንድ አባት «ሲመሽ ጫት ሊቅሙበት ነው» አሉ። ሌላው «ንብረት ይጠፋል» አሉ። ሥጋታቸው ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ አባትነት ነው።

ነገሩን የቋጩት ኢማማችን ናቸው። የኡሳማ ቢን ዘይድን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታወሱን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሕይወታቸው መጨረሻ፣ በ11ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ታላላቅ ሰሓቦች ለነበሩበት ጦር አዛዥ አድርገው የሾሙት ዕድሜው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ የነበረውን ይህን ወጣት ነበር። ሰዎች ሲያጉረመርሙ የአላህ መልክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሹመቱን አላነሡም፤ ለዚያ ኀላፊነት የተገባ መሆኑን ነገሯቸው እንጂ። ኢማሙ ይህን ተናግረው «ለእርሱ ሠራዊት ተሰጠው፤ እኛ የጓሮ በር ቁልፍ እንከለክላለን?» አሉን።

ቁልፉ ተሰጠ። እንዲሁ ግን አልተሰጠም፤ አማና ሆኖ ነው። ሁለት ሰዎች በየወሩ እየተፈራረቁ እንዲይዙት፣ የገባና የወጣ በደብተር እንዲመዘገብ፣ ከመግሪብ በፊት በሩ እንዲዘጋ፣ የሦስት ወር ሙከራ እንዲሆን ተስማማን። ደንቡን የጻፉት ራሳቸው ወጣቶቹ ናቸው። እኛ ልንጽፈው ካሰብነው ይልቅ የእነርሱ ጠንከር ያለ ነበር።

ፈተናው ብዙ አልዘገየም። በሁለተኛው ወር አንድ ማታ ቧንቧ ሳይዘጋ አደረ፤ የውሃው ሒሳብም ከፍ ብሎ መጣ። ከእኛ መካከል ቁልፉ ይመለስ ያሉ ነበሩ። ወጣቶቹ ግን ተሰብስበው ጥፋቱን በደብተራቸው ላይ መዘገቡ፤ የዕለቱ ተረኛ ማን እንደነበር አልደበቁም፤ ለብቻው ግን አላሸከሙትም። ከመጀመሪያው የሰላጣ ሽያጭ ሒሳቡን ከፍለው ደረሰኙን አምጥተው ሰጡን። «የዛሬ ልጅ ኀላፊነት አያውቅም» ያልኩበትን አንደበቴን የታዘብኩት ያን ቀን ነው።

መትከል ዒባዳ ነው

ውድ አንባብያን! አትክልት መትከል ለሙስሊም የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አነስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደተገለጸው፣ አንድ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ነገር ሰውም ይብላ፣ ወፍም ይልቀም፣ እንስሳም ይቅጠፍ፣ ሶደቃ ሆኖ ይጻፍለታል። ሐዲሱ «ሰው» ሲል የየትኛው ሃይማኖት ተከታይ እንደሆነ አልለየም። ይህ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር አጥር ለምንጋራ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው።

የሰልማን አል-ፋሪሲን (ረ.ዐ) ነፃ መውጣት ደግሞ እናስታውስ። ሰልማን ባሪያ ነበሩ። ጌታቸው ነፃ ሊለቃቸው የጠየቀው 300 የተምር ችግኝ ተተክሎ እንዲጸድቅለትና 40 ወቄት ወርቅ እንዲከፈለው ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦችን «ወንድማችሁን አግዙ» አሏቸው። አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ሃያ፣ አንዱ አሥራ አምስት፣ አንዱም አሥር ችግኝ፣ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አመጣ። ጉድጓዱን ሰልማን ከወንድሞቻቸው ጋር ቆፈሩ፤ የአላህ መልክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው በተባረከ እጃቸው ተከሉት። ኢማም አሕመድ በዘገቡት መሠረት፣ ከችግኞቹ አንድም እንዳልሞተ ሰልማን ራሳቸው ምለው ተናግረዋል። ልብ በሉ! ማኅበረሰብ ተባብሮ የተከለው ተክል አንድን ሰው ከባርነት አወጣ። እኛስ ተባብረን ብንተክል አንድን ልጅ ከጥግ ማውጣት እንዴት ያቅተናል?

የመዲናው መስጂድ ራሱ የተሠራው የበኒ ነጃር ጓሮ በነበረ ቦታ ላይ ነው። በ1ኛው ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 622) ቦታው ሲጸዳ የተምር ዛፎች፣ የፈረሰ ግንብና አሮጌ መቃብሮች ነበሩበት። ሰሓቦች ድንጋይ እየተሸከሙ በስንኝ ያዜሙ ነበር፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) አብረዋቸው ነበሩ። ሥራውና ስንኙ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ላብ ተገናኙ ማለት ነው።

የቆርቆሮው ቤት

ወጣቶቹ አሮጌውን መጋዘንም ጠይቀው ነበር። «ለምን?» ስንላቸው «የምንጽፍበት፣ ግጥም የምናነብበት፣ እጃችን የሚሠራበት ቦታ እንፈልጋለን» አሉ። «ጥበብ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያኮሳትሩ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። ጥንቃቄያቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን የምንከለክለውን ስንቆጥር የተፈቀደው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አንርሳ። ሐሳን ቢን ሣቢት (ረ.ዐ) ግጥማቸውን ያሰሙ የነበረው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ነው። በዒድ ቀን ሐበሾች በዚያው መስጂድ በጦር ሲጫወቱ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏቸውም፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ቆመው እንዲመለከቱ አድርገዋል። ኑሮው ሥዕል መሣል የሆነ ሰው ኢብን ዐባስን (ረ.ዐ) በጠየቃቸው ጊዜም፣ ነፍስ ያለውን ትቶ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን እንዲሥል መክረውታል። እኛም ኢማማችንን አማክረን በፊደል፣ በቅርጽ፣ በቅጠልና በስንኝ ላይ ለመሥራት ተስማማን።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከገመትነው በላይ ነበር። ጓሮው ለቆርቆሮው ቤት መጋቢ ሆነ። በአጥሩ ሥር ሸምበቆ ተተከለ። አንድ አረጋዊ ሼኽ መጥተው ሸምበቆውን እንዴት እንደሚቀርጹት፣ ጫፉን እንዴት ሰንጥቀው ብዕር እንደሚያደርጉት አሳዩዋቸው። ከጥላሸትና ከሙጫ ቀለም ማዘጋጀትንም አስተማሯቸው። እርሳቸው በልጅነታቸው በቁርኣን ቤት በእንጨት ሎሕ ላይ የጻፉት በዚሁ ዓይነት ቀለም ነበር። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ዐጀሚ በሚባለው አጻጻፍ፣ ሲጽፉ እንደኖሩ፣ ሐረርም በኪታብ ጽሕፈትና በጥራዝ ጥበብ የታወቀች ከተማ እንደሆነች ብዙዎቹ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት እዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የነበረው ልጅ አሁን «ቢስሚላህ»ን በሸምበቆ ብዕር ለማሳመር ሲል በወረቀት ላይ አቀርቅሮ ይውላል።

ሴቶቹስ?

እዚህ ላይ ሌላ ስሕተታችንን መናዘዝ አለብኝ። ቁልፉን ስንሰጥ የሰጠነው ለወንዶቹ ብቻ ነበር። ሴቶቹ በሳምንት አንድ ጊዜ መጥተው ውሃ እንዲያጠጡ ተፈቀደላቸው። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ልጅ ባልዲዋን አስቀምጣ «ውሃው ለኛ፣ ቁልፉ ለነሱ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ የኔ ልጅ ናት።

የጃቢር (ረ.ዐ) አክስት፣ የእናቱ እኅት፣ በዒዳ ላይ ሳሉ የተምር ዛፎቻቸውን ሊለቅሙ ሲወጡ አንድ ሰው ከልክሏቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ወጥተው ተምራቸውን እንዲለቅሙ፣ ምናልባትም ሶደቃ እንደሚሰጡበት ነገሯቸው። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽም (ረ.ዐ) በእጃቸው እየሠሩ ሶደቃ የሚሰጡ ነበሩ። ይህን እያወቅን ለሴቶች ልጆቻችን ባልዲውን ብቻ መስጠታችን ስሕተት ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛ ቁልፍ ተቀረጸ። ቅዳሜ ጧትና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሴቶቹ ቀን ሆነ፤ ከእናቶች ሁለቱ አብረዋቸው ይውላሉ። እነርሱም በጓሮው ዳር አክርማ ተከሉ፤ ከገበያ ስንደዶ ገዝተው ስፌት ጀመሩ። ስፌቱን የሚያስተምሩት የሰማንያ ዓመት እማማ ናቸው። ከዚያ በፊት ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን በቤታቸው ይቀመጡ ነበር። ለዒድ የሚሆን እንሶስላም ጥላ ባለበት ጥግ ለማልማት ተያይዘውታል።

ምርቱ የማን ነው?

አትክልት ሲደርስ ጥያቄ ይመጣል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ቀለም ስለ አንድ የአትክልት ስፍራ ባለቤቶች ነግሮናል። ድኻ እንዳይገባባቸው ብለው ማልደው በሹክሹክታ ሊለቅሙ ሲሄዱ፣ ሌሊቱን ጠፍቶ አገኙት። ወጣቶቹ ይህንን ሱራ ከኡስታዛቸው ጋር ካነበቡ በኋላ ምርቱን ሦስት ቦታ ከፈሉት። አንዱ እጅ ለችግረኛ ቤተሰቦች በሃይማኖት ሳይለይ ይሰጣል። አንዱ ለሠሩት ይከፋፈላል። አንዱ ተሽጦ ለዘር፣ ለወረቀትና ለመሣሪያ ይውላል። ቦታው የመስጂዱ በመሆኑ ክፍፍሉ በኮሚቴው ፈቃድ የተደረገ ነው።

የጎረቤት ነገር ከተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የተከፈተው መስጂድ በመንገዱና በመስጂዱ በር መካከል የአትክልት ስፍራ አለው። መንገደኛው፣ ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ ገብቶ ያርፍበታል። የኛው ጓሮ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ከአጥሩ ማዶ ያሉት ክርስቲያን እናት በጾም ወቅት ቆስጣ ሲላክላቸው የበሶብላ ዘር መልሰው ልከዋል። ያ በሶብላ ዛሬ በጓሮው ውስጥ አለ።

ለመጀመር ለምታስቡ

በየአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር ካሰባችሁ፣ ከስሕተታችን የተማርነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ወጣቶቹን ጠይቁ። ምን እንደሚተከል፣ ቤቱም ለምን እንደሚውል እነርሱ ይናገሩ። ከዚያ በኋላ የቦታውን ነገር በጽሑፍ ጨርሱ። የወቅፍ ቦታ ከሆነ ዑለማን አማክሩ፤ የመንግሥት ይዞታ ከሆነ ከወረዳው ፈቃድ ውሰዱ። በቃል የተሰጠ ቦታ በቃል ይወሰዳል።

ውሃን አስቡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ነው። እኛ ቧንቧ ከፍተን ስንት እንደምናፈስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በጁምዓ ቀን ሁለት መቶ ሰው እያንዳንዱ ሦስት ሊትር ቢያፈስ 600 ሊትር ውሃ ነው። የእኛ ልጆች ይህን አስልተው ከውዱእ ቦታው ወደ ጓሮው ትንሽ ቦይ ቀደዱ። አንድ አባት «የውዱእ ውሃ ለአትክልት ይሆናልን?» ብለው ሲጠይቁ ኢማሙ ውሃው ጧሂር መሆኑን አስረዱ። ሳሙና የነካው ግን ወደ ቦዩ እንዳይገባ ተለይቷል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ከአቃቂና ከገባሮቹ ወንዞች ውሃ እየቀዳችሁ ቅጠላ ቅጠል አታጠጡ፤ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ ስለሚገባባቸው ለጤና አደገኛ ነው።

አፈሩ ደካማ ከሆነ የወጥ ቤት ትራፊ፣ ደረቅ ቅጠልና ፍግ በንብርብር አስቀምጣችሁ እያገላበጣችሁ ብስባሽ አዘጋጁ፤ በሁለት ሦስት ወር ይደርሳል። ቶሎ የሚደርስ ነገር አስቀድሙ። ሰላጣና ቆስጣ በሁለት ወር ገደማ ለመቆረጥ ይበቃሉ፤ ካሮት ሦስት ወር ያህል ይፈልጋል። ወጣት የሥራውን ፍሬ ቶሎ ካየ ሎሚውንና አቡካዶውን ለመጠበቅ ትዕግሥት ያገኛል። ቦታ የሌላችሁ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልታችሁ በግቢ ወይም በሰገነት መጀመር ትችላላችሁ።

በመጨረሻም ቁልፉን ስጡ፤ ስትሰጡም ከደብተሩ ጋር ስጡ። ሲያጠፉ ቁልፉን ለመንጠቅ አትቸኩሉ፤ እንዲክሱ ዕድል ስጧቸው።

ያልሆነውንም ልናገር

ጓሮው የሰፈራችንን ችግር ሁሉ ፈታ ብል እዋሻለሁ። ሥራ አጥነትን የሎሚ ዛፍ አያጠፋውም። በመጀመሪያ ቁልፉን የጠየቀኝ ያ የጎረቤቴ ልጅ በሁለተኛው ዓመት ማንንም ሳያማክር በዚያው አደገኛ መንገድ ሄዷል። እናቱ ለሦስት ወር ያህል ድምፁን ሳይሰሙ ቆይተዋል። ያ ሦስት ወር ለሰፈሩ ሁሉ ረጅም ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት ደርሷል። ሲደውል ከእናቱ ቀጥሎ የሚጠይቀው ከመጀመሪያው ተከላችን የተረፈችውን ሎሚ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጠጧት እናቱ ናቸው።

እርሱ ከሄደ በኋላ ሌሎች ሁለት ልጆች የመሄድ ሐሳብ ነበራቸው። እነዚህ ግን በድብቅ አልሄዱም። አንድ ቀን ማታ ዕቃ አስገብተው በሩን ሲዘጉ ለኢማሙ ነገሯቸው። አባቶቻቸው ተጠርተው ሌሊቱን ተመካከርን። አንዱ ከአጎቱ ጋር የችግኝ ሽያጭ ጀምሯል፤ ሌላው ትምህርቱን ቀጥሏል። እኔ ለራሴ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ልጆቹ ምሥጢራቸውን የነገሩን ስለ ገሠጽናቸው አይደለም፤ አስቀድመን ስላመንናቸው ነው። የታመነ ልጅ ያምናል።

ወላጆች ሆይ! በየቤታችን፣ በየመስጂዳችን፣ በየሰፈራችን የተቆለፈ አንድ በር አይጠፋም። የዚያ በር ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። ወጣቶችም ሆይ! ቁልፉን ስትቀበሉ በር ብቻ እንዳልተሰጣችሁ፣ አማና እንደተሸከማችሁ አትዘንጉ። አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በምድራቸው ያጽድቅልን፤ ርቀው የሄዱትንም በሰላም ይመልስልን። አሚን።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።